ገብስማ ያለው ምስክር

አንድ ንብ አናቢ ነበረ፤ ቢምረው ይባላል።

ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ስለ አንዲት ቃል መሆኑን አልረሳሁም። «የኔታ፣ ግራጫ የሚል ቃል እያለን ገብስማ ለምን ያስፈልገናል? ተማሪዎቼ ልዩነቱን ቢጠይቁኝ ምን ብዬ ላስረዳቸው?» ነው ያልሽኝ። በአንድ መስመር ልመልስልሽ እችል ነበር። በአንድ መስመር የተነገረ ነገር ግን በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ አስቀድመሽ ይህን ሰው ስሚልኝ።

ቢምረው ሀብታም አልነበረም፤ ለማኝም አልነበረም። ጠባብ መሬቱን እያረሰ፣ የቀረውን ጉድለት በማር እየሞላ የሚኖር ሰው ነው። ንብ የሚቸኩልና የሚለፈልፍ ሰው አትወድም ይላሉ። በዚህ ምክንያት ይሁን በተፈጥሮው፣ ቢምረው ንግግሩ አጭር ነበር። አንዴ የተናገረውን ግን አያጥፍም።

ይህ ሰው አንድ ወንድምና አንድ ጠላት ነበረው።

ወንድሙ ጥላዬ ታላቁ ነው። አባታቸው ሲሞት ቢምረው ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላዬ ሞፈሩን ተሸክሞ፣ የራሱን ሠርግ ሦስት ዓመት አዘግይቶ አሳደገው። ልብስ ሲገዛ አስቀድሞ ለትንሹ ነው የሚገዛው። ቢምረው አድጎ የመጀመሪያ ቀፎውን ሲሰቅልም ዛፍ ላይ ወጥቶ ገመዱን ያሰረለት ጥላዬ ነበር።

ጠላቱ ደግሞ አውላቸው የሚባል የወሰን ጎረቤቱ ነው። የአውላቸው ፀጉር አንዲት ጥቁር ሳይቀርለት ነጥቶ የተባዘተ ጥጥ መስሏል፤ ምላሱ ግን አላረጀም። አንድ ክረምት በወሰን ተጣሉና፣ አውላቸው መጥረቢያውን ይዞ ወጥቶ ቢምረው ሰባት ቀፎ የሰቀለበትን ግራር ገነደሰው። ቀፎዎቹ ተሰባበሩ፤ ማሩን መሬት ጠጣው። ንቦቹ ሦስት ቀን ሙሉ ዛፉ በነበረበት ባዶ አየር ላይ ሲዞሩ ሰነበቱ። ቢምረው ቆሞ አያቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ አንዱ ወደ ማሳ ገብቶ ሌላውን ያሳልፈዋል እንጂ እንደምን ዋልክ አይባባሉም።

በዚያው መንደር ደብሬ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሦስት ልጆች አሏት። ነገሩ በሆነበት ዓመት ጤፏ እንደ ልብ ሰጣት። መንደሩ በደቦ አጨደላት፣ ተሸክሞም አውድማዋ ላይ ከመረላት። ከአጨዳው በፊት የአውላቸው በሬዎች ማሳዋ ገብተው ስለ ነበር፣ በሬዎቹን ይዛ አስራበት ነበር። አውላቸው በሬዎቹን ሊያስፈታ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ይህን ጤፍሽን እሳት ይብላው!» ብሎ ተናገረ። በንዴት የወጣች ቃል ናት። ሰው ግን እንዲህ ያለውን አይረሳም።

በጥር ወር አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የደብሬ ክምር ተቃጠለ።

በዚያች ሰዓት ቢምረው ከአውድማው በታች ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። ዛፍ ላይ ያረፈ የንብ መንጋ አግኝቶ በአዲስ ቀፎ ሊያስገባ፣ እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ፣ በእንብርክኩ ተቀምጧል። መንጋው ወደ ቀፎው መግባት ጀምሮለታል። ድንገት አንድ ሰው ከላይ በሩጫ መጣ። ጎንበስ ብሎ ነው የሚሮጠው፤ ጋቢውን ፊቱ ድረስ ተከናንቦ ነበር፤ ቁጥቋጦው ጋቢውን ያዘና ከራሱ ላይ ገፈፈው። ሰውዬው ሳይዞር ጋቢውን ከቁጥቋጦው ነጥቆ አለፈ። ቢምረው እጁን ቢዘረጋ ይነካው ነበር። ያየው ማጅራቱንና የራሱን ኋላ ነው፤ ፊቱን አላየም። ንቦቹ እንዳይቆጡበት ብሎ አልተነሣም፣ አልተጣራምም።

ጭሱ የሸተተው ከዚያ በኋላ ነው። ቀፎውን ትቶ ሲወጣ ክምሩ ከላይ እስከ ታች እሳት ለብሷል። መንደሩ ቅጠል እየቆረጠ፣ አፈር እየበተነ ተረባረበ፤ የተረፈ ነገር ግን አልነበረም። ደብሬ አልጮኸችም። አመዱ ዳር ተቀምጣ፣ አንድ ያልተቃጠለ የጤፍ ዘለላ አንሥታ በእጇ ታሽ ነበር። ቢምረው ዙሪያውን ቢያይ መንደሩ ሁሉ አለ። ወንድሙ ጥላዬ ብቻ የለም።

ልቡ አንድ ስም ጠራ። ዓይኑ ግን ፊት አላየም። ስለዚህ ዝም አለ።

ከማዶ ተረተር ላይ ከብት ይጠብቅ የነበረ አንድ ገበሬ፣ «አንድ ሰው ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ከሩቅ ነው፤ ራሱ ግራጫ ነበር፣ ሽበታም ነው» ብሎ ተናገረ። ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ከደብሬ ጋር የተጣላ፣ እሳት ይብላው ያለ፣ ፀጉሩ የነጣ ሰው አንድ ብቻ ነው። አውላቸው ምሎ ተገዝቶ ካደ፤ የሰማው አልነበረም። የአገሩ ሥርዓት ግን ያለ ሁለት ምስክር አይፈርድም። ቢምረው ከአውድማው በታች እንደ ነበረ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ቀጠሩና ላኩበት። ፍርዱም ከወዲሁ ይወራ ነበር፤ ቤት ወይም እህል ያቃጠለ ሰው ከአገር ይወጣል፣ መሬቱንም የተበደለውና አዋሳኙ ይካፈሉታል። አዋሳኙ ቢምረው ነው። ግራሩ የነበረበት ቦታ ከነጉቶው ወደ እሱ ይመለሳል ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቢምረው ደጁ ላይ ቀፎ በእበት ሲለስን ጥላዬ መጣ። ራሱን በሻሽ ጠምጥሟል። ሰላምታ ተለዋውጠው ተቀመጠ።

«ነገ ይጠይቁሃል» አለ ጥላዬ።

«ይጠይቁኛል።»

«ምን ልትል ነው?»

«ያየሁትን ነዋ።»

ጥላዬ መሬቱን በጭራሮ ይጭር ጀመር። «ሽበት አላየህም?» አለው።

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ሽበት አየሁ በል። ውሸት አይሆንብህም። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅህ የለም።»

ቢምረው እጁ ከእበቱ ጋር እንደ ተለጠፈ ቀረ። ወንድሙን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

«ግራርህን የቆረጠ ሰው ነው» አለ ጥላዬ ቀጠል አድርጎ። «ሰባት ቀፎ። ስታለቅስ አይቼሃለሁ።»

«አልረሳሁም፣ ጋሼ።»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል» አለና ጭራሮውን ጥሎ ተነሣ። በአጥሩ በር ወጥቶ ሄደ።

ቢምረው ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ሳይታወቀው የንቦቹን መግቢያ ቀዳዳ ሁሉ በእበት ደፍኖት አገኘ።

የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። ነገሩን በልቡ ሲያገላብጥ ዋለ። ሽበት ቢል እውነት ነው፤ በመጽሐፍ ምሎ ሊናገረው ይችላል። አንዲት ሐሰት ሳይወጣው ጠላቱ ከአገር ይነቀላል፣ ወንድሙ ይድናል፣ መሬቱ ይሰፋል። ይህን ያህል የሚያዋጣ እውነት በሕይወቱ አጋጥሞት አያውቅም። ያስፈራውም ይኸው ነው። ያየውን ፀጉር ዓይኑን ጨፍኖ ደጋግሞ አየው። ነጭ አልነበረም። ጥቁርም አልነበረም። የሁለቱ ድብልቅ ነበር፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር እየሆነ የበቀለ። በአገሩ እንዲህ ላለው ፀጉር ስም አለው። ስሙን ያውቀዋል። የሚያውቀውን ስም እንደማያውቅ ሆኖ እንዴት ይቀመጥ?

እሑድ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሦስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አውላቸው ነጠላውን አጣፍቶ መካከል ቆመ፤ ያልተሸፈነ ነጭ ፀጉሩ በፀሐይ ያበራል። ደብሬ ከልጆቿ ጋር ከፊት ተቀምጣለች። ጥላዬ ሻሹን እንደ ጠመጠመ ከኋላ፣ ከሰው ትከሻ ጀርባ ቆሟል።

ከተረተሩ ያየው ገበሬ ተነሥቶ ቃሉን ሰጠ። ከዚያ ቢምረው ተጠራ።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ፣ «ያየኸውን እንጂ የጠረጠርከውን አንጠይቅህም» አሉት። «ሰውየውን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ፣ አባቴ።»

«ፊቱን?»

«ፊቱን አላየሁም። የራሱን ኋላ ነው።»

«ፀጉሩ ሽበታም ነበር?»

የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደ አውላቸው ነጭ ራስ ዞረ። ቢምረው ግን ሳያስበው ወደ ኋላ አየ፤ ከወንድሙ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጥላዬ አልለመነውም፤ ቀድሞ ዛፍ ላይ ሆኖ ገመዱን ሲያስርለት እንደሚያየው አየው። ቢምረው «ነበር» ብሎ መቀመጥ ይችላል። አንዲት ቃል ናት፣ እውነትም ናት።

«ገብስማ ነበር» አለ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ገብስማ ስትል? ሽበት ማለትህ ነው?»

«ሽበት አለበት። ሽበት ብቻ ብል ግን ግማሹን ደብቄ ግማሹን መናገሬ ነው። ነጭ ገብስና ጥቁር ገብስ ተደባልቆ ሲሰጣ እንደሚታየው ነው። ጥቁሩ ከነጩ እኩል ነበር።»

ከሰው መካከል አንዱ፣ «ወዲያኛው ምስክር ግራጫ ነው አለ፤ ታዲያ ያው አይደለም ወይ?» ብሎ ተናገረ።

«እሱ አልዋሸም» አለ ቢምረው። «ተረተር ላይ ሆኖ ለሚያይ ግራጫ ነው የሚመስለው። ከሩቅ ነጩና ጥቁሩ ይቀላቀልበታል። እኔ ግን እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። ነጩን ከጥቁሩ ለይቼ አይቻለሁ። ጋሽ አውላቸው ላይ አንዲት ጥቁር ፀጉር የለችም። ያየሁት ሰው እሱ አይደለም።»

ሜዳው አጉረመረመ። ፍርዱ በእጃቸው ገብቶ ያመለጣቸው ሰዎች ድምፅ ነው። አንዱ፣ «በፀጉር ቀለም ነገር ይሰነጥቃል እንዴ? ሽበት ሽበት ነው!» አለ። ሌላውም ደገፈው።

በዚህ ጊዜ ደብሬ ተነሣች። ሁሉም ዝም አለላት፤ የተቃጠለው የእሷ ነውና።

«ዶሮ ያረባች ሴት ታውቀዋለች» አለች። «ነጭ ዶሮ ጠፍታብኝ ገብስማ ቢያመጡልኝ፣ የኔ አይደለችም ብዬ እመልሳለሁ። ያቃጠለብኝ ሰው እንዲገኝ ከሁላችሁ በላይ የምፈልግ እኔ ነኝ። ያገኛችሁትን ሁሉ ግን እሱ ነው ብዬ አልቀበልም። የምፈልገው የልጆቼን እንጀራ ያቃጠለውን ነው እንጂ የሌላ ሰው ልጆች ከአገር ሲወጡ ማየት ምን ይጠቅመኛል?»

ብላ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተነጋገሩና አንጋፋው፣ «አውላቸው ተፈታ። ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ግን ቀኑ ገና ነው፤ ሳይጠሩት የመጣ የተሻለ ፍርድ ያገኛል» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቢምረው እስኪሞት አልረሳውም። ሰው ሊበተን ሲነሣ፣ ከኋላ አንድ ሰው ወደ ፊት መምጣት ጀመረ። ሲያልፍ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ጥላዬ ሽማግሌዎቹ ፊት ደርሶ ሻሹን ከራሱ ላይ ፈታ። በሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ፀጉሩን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ምንጣሮ ሳቃጥል ነፋስ ተነሣ። እሳቱ ወደ ክምሩ ሲዘልቅ አየሁት፤ ላጠፋው ሞከርኩ፤ ሲያቅተኝ ሮጥኩ። ሆን ብዬ አልነበረም። የሸሸሁት ግን ሆን ብዬ ነው። ሰው በእኔ ፈንታ ሲቆም ዝም ያልኩትም ሆን ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ደብሬ ዞሮ ተንበረከከ።

ሽማግሌዎቹ ከአገር አላስወጡትም። ክፋት አስቦ እንዳላቃጠለ አዩ፤ ሳይጠሩት እንደ መጣም አዩ። የዚያን ዓመት ጤፉን ለደብሬ እንዲሰጥ፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ማሳዋን እንዲያርስላት ፈረዱ። ጥላዬ ሁለቱንም አደረገ። ቢምረው የወንድሙ ቤት እንዳይራብ ከራሱ ጎተራ አካፈለው፤ ጥላዬ እህሉን ተቀበለ፣ እሱን ግን አላናገረውም። አንድ ዓመት ሙሉ አላናገረውም። ቢምረው ይህን ሲሸከም ከረመ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ አባት ሆኖ ያሳደገኝን ሰው በአንዲት ቃል አዋረድኩት እያለ የሚቆዝምበት ጊዜ ነበር። ቃሉን ግን ልመልሰው አላለም።

በዓመቱ፣ የደብሬ ጤፍ እንደ ገና ተከምሮ ሲያበቃ፣ ጥላዬ ወደ ታናሹ ቤት መጣ። ደጁ ላይ ተቀመጠና፣ «ያን እሑድ ሽበት ብለህልኝ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «እስከ ዛሬ ሻሹን አልፈታም ነበር።» ቢምረው ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ማር ቆርጦ አቀረበለትና አብረው በሉ።

አውላቸውስ? አውላቸው አመሰግናለሁ አላለም፤ ግራሩንም አልተካም። ሰው እንዲህ በአንድ ቀን አይለወጥም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ ሰው በጠላ ቤት ቢምረውን ሊያማ ሲጀምር፣ አውላቸው ብርሌውን አስቀምጦ፣ «እሱን ተዉት። እሱ ያየውን የሚናገር ሰው ነው» አለ ይባላል። ከጠላት አፍ ይህን ያህል ከወጣ መብዛቱ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄሽ ይህ ነበር። ግራጫ መልካም ቃል ነው። አመድ ግራጫ ነው፣ ዝናብ ያዘለ ደመናም ግራጫ ነው፤ ቀርበሽ ብታዪውም ያው ግራጫ ነው፣ የሚለይ ነገር የለበትም። ሽበት ደግሞ ነጩን ይጠራል፣ ጥቁሩን ዝም ይለዋል። ገብስማ ግን ሁለቱንም ይዞ የሚመጣ ቃል ነው። በዶሮ ላባ ይሁን በሰው ፀጉር፣ ነጩ ነጭ ነው፣ ጥቁሩም ጥቁር ነው፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። ይህን የሚያይ የቀረበ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ገብስማ ነው ብሎ የሚናገር ሰው ቀለሙን ብቻ አይደለም የሚነግርሽ፤ ቆሞ ያየበትን ቦታም ይነግርሻል።

ሰውንም እንዲሁ አስቢው። ጥላዬን ክፉ ብትዪው ወንድሙን አሳድጓል። ደግ ብትዪው እሳት ለቆ ሮጧል፣ ሌላ ሰው በእሱ ፈንታ ሲከሰስም ዝም ብሏል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ራስ ላይ የበቀለ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቃል ካጣሽ፣ ወይ ታጠቁሪዋለሽ ወይ ታነጪዋለሽ፤ በሁለቱም ትበድዪዋለሽ። ቢምረውን የማደንቀው ለዚህ ነው። ቃሉን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ሴቶቹ ለዶሮ፣ ወንዶቹ ለፀጉር በየቀኑ ይሉታል። ወንድሙን እያየ፣ ጠላቱ ፊት ቆሞ የተናገረው ግን እሱ ብቻ ነው።

ለተማሪዎችሽም ገብስማ ከግራጫ ይለያል ብለሽ ብቻ አትለፊ። አንድ ሰው ከነልጆቹ ከአገሩ ሳይነቀል የቀረው፣ ያ ቃል በአገሩ ስለ ነበረና በጊዜው የሚናገረው አፍ ስለ ተገኘ ነው በያቸው።